ጅቡ የታል?

ጁማንጂን አይቼዋለሁ እያልኩ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬአለሁ። ሲያስፈልግም ምዬበታለሁ። ገና ስንተዋወቅ ለዛሬዋ ባለቤቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርኬላታለሁ፤ እሷም፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ሳታቋርጠኝ ሰምታኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ተደላድዬ ፊልሙን ስከፍት ነው ጉዴ የፈላው። ለካ አይቼው አላውቅም!

ቡናው እስኪፈላ ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤት ያልኩት ለክብሩ ነው እንጂ ከአንድ ግቢ አጥር ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ውስጧ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። በሩ አጠገብ የዕለቱ ፊልሞች በጠመኔ የሚጻፉበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፤ የፊልሞቹ ስም የሚጻፈው ደግሞ እንደ ባለቤቱ ጆሮ ነው። መግቢያው ለልጅ ሃምሳ ሳንቲም። ዛሬ ሃምሳ ሳንቲም ስል ልጄ እንደ ተረት ነው የምትሰማኝ፤ ያኔ ግን ከእናታችን መቀነት አንዲት ስሙኒ ብትጎድል እንኳ ማታ ላይ ጉባኤ ይጠራባት ነበር።

ፊልም ማለት ለእኛ ሁለት ሰው ነው፤ አክተሩና ቦሱ። አክተሩ አይሞትም። ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ እሱም በቀላሉ አይሞትም። በመሃል ያለው ድብድብ ነው። የሚሳሳሙበት ቦታ ሲመጣ ባለቤቱ ተነሥቶ በጀርባው ቴሌቪዥኑን ይጋርድልናል፤ በዚህም ሰፈሩ ሁሉ ጨዋ ሰው ይለው ነበር። እንግዲህ በዚያ በቫን ዳምና በራምቦ መሃል አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ጁማንጂ" የሚል ተጻፈ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ካራቴ ይሁን ህንድ፣ ማንም አያውቅም።

እኔ ገንዘብ አልነበረኝም። የገባው ጓደኛችን ነው። ስሙን ልተወው፤ ለምን እንደተውኩት ኋላ ይገባችኋል። ይህ ልጅ የሰፈራችን ተራኪ ነበር። ፊልም አይቶ ይመጣል፣ ቦኖው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፣ እኛ ዙሪያውን እንከበዋለን። ክፍያው ቆሎ ወይ ሸንኮራ ነው። ቆሎው ካለቀ ፊልሙም እዚያው ይቆማል፤ ቀልድ አያውቅም። አተራረኩ ደግሞ በድምፅ ነው። ሽጉጡን ይተኩሳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ፈረሱን ያስጋልባል። ዐይናችንን ጨፍነን ብንሰማው ምንም አይቀርብንም ነበር።

የዚያን ቀን በከበሮ ጀመረ። ዱም። ዱም። ዱም። አንድ ልጅ አለ፣ አባቱ ሀብታም ነው፣ ይጮህበታል። ልጁ ከበሮ ይሰማል፣ ቆፍሮ ሳጥን ያወጣል። ሳጥኑ እንደ ሉዶ ያለ ጨዋታ ነው። ዳይሱን ሲጥል ጨዋታው ይውጠዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ልጆች ያንኑ ሳጥን ያገኛሉ። ዳይሱን ሲጥሉ ሄሊኮፕተር ቤት ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ጅብ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ የጅብ መንጋ፤ ወጥ ቤት ገብቶ ሳህን እየሰበረ የሚስቅ። እዚህ ላይ ጓደኛችን የጅቡን ሳቅ ሲያወርደው የቦኖው ወረፋ ላይ ያሉት እናቶች ሳይቀሩ አማተቡ። ከዚያ አንበሳ፣ ከዚያ ቦሱ ከነሠራዊቱ፣ ከዚያ ባሕር ቤቱን ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ አክተሩ ቦሱን ገድሎ ወደ ሳጥኑ ይመለስና የአውሬዎቹ ንጉሥ ይሆናል። አለቀ። ቆሎውም አለቀ።

ለብዙ ሌሊት አልተኛሁም። ወጥ ቤታችን ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነበር፤ ሲመሽ ውሃ አምጣ ስባል የጅቡ ሳቅ ይመጣብኛል። ሉዶ መጫወትም ተውኩ። ታላቅ እህቴ "ምን ነካው ይሄን ልጅ?" ትል ነበር።

እንግዲህ ይሄ ነው የእኔ ጁማንጂ። አይቼዋለሁ ስል እየዋሸሁ አልነበረም፤ ከዚያ በላይ እንዴት ይታያል? በኋላ ፍላሽ ይዞ ፊልም ማስጫን ሲመጣም፣ ኢንተርኔቱ ቤታችን ድረስ ሲገባም፣ ይሄንን ያየሁት ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ያጋለጠችኝ ልጄ ናት። በፈረንጆቹ 2017 የወጣውን፣ ዘ ሮክ ያለበትን አዲሱን ጁማንጂ አይታ ወደደችው። በሱ ላይ ጨዋታው ዘመኑን ተከትሎ ራሱን ወደ ቪዲዮ ጌም ለውጧል። መሃል ላይ ዛፍ ላይ በተሠራች ጎጆ ውስጥ አለን ፓሪሽ እዚህ ነበር የሚል ተቀርጾ ይታያል። "አባዬ፣ አለን ፓሪሽ ማነው?" አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "የመጀመሪያው አክተር ነዋ! ቆይ አሳይሻለሁ፤ ጅቡን ስታይ ዐይንሽን ትይዣለሽ" አልኳት። ጅቡን ብያለሁ። ያዙልኝ።

የመጀመሪያው የወጣው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1995 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 1988። ዳይሬክተሩ ጆ ጆንስተን ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በ1869 ሁለት ልጆች በሌሊት እየተንቀጠቀጡ ሳጥን ሲቀብሩ ነው። ከዚያ ልክ መቶ ዓመት ዘሎ 1969 ላይ ያርፋል፤ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ብራንትፎርድ የምትባል የፈጠራ ከተማ፣ የጫማ ፋብሪካ፣ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ አለን። ከበሮው መጣ። ዱም፣ ዱም። ጓደኛዬን አመሰገንኩት፤ ቃል በቃል እሱ ያለው ነው። አባቱም እንዳለው ሀብታም ነው፣ ይጮሃል። ልጁ ሳራ ከምትባል ጎረቤቱ ጋር ጨዋታውን ሲጀምር ሳጥኑ መጦ ዋጠው፤ እሷን ደግሞ የሌሊት ወፍ መንጋ እያሳደደ ከቤት አስወጣት። እስከዚህ ሰላም ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸው እህትና ወንድም፣ ጁዲና ፒተር፣ ከአክስታቸው ጋር ያንን ቤት ገብተው ሳጥኑን አገኙት። ጁዲ ዳይሱን ጣለች። ሄሊኮፕተሩን ጠበቅኩ። የመጣው ቢምቢ ነው። ዶሮ የምታህል ቢምቢ እርግጥ ነው፣ ግን ቢምቢ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ፒተር ጣለ። "አሁን ያዢ!" አልኩ፤ ወጥ ቤቱ ታየ፣ ሳህኑ ይሰበራል፣ ሳቁ ይሰማል፣ በሩ ተከፈተ… ጦጣ። ጦጣ ብቻ። ቢላ እየወረወሩ የሚሳሳቁ ጦጣዎች።

"ጅቡ የታል?" አልኩ ሳላስበው።

ልጄ ፊልሙን አቆመችው። "የምን ጅብ?"

"ይመጣል፣ ይመጣል። ክፈቺው።"

ጦጣዎቹን ስታይ ደግሞ ሳቀችባቸው። "ካርቱን ነው እንዴ?" አለች። እዚህ ላይ ለፊልሙ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ፤ እናንተም ፍረዱኝ። ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1993 የወጣው ጁራሲክ ፓርክ ዳይኖሰሮቹን በኮምፒውተር ሲሠራቸው ቆዳቸው የእንሽላሊት ነበር፤ ፀጉር የለበትም። ፀጉር መከራ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ ለብቻዋ መወዛወዝ፣ ብርሃን መቀበል፣ በጎረቤቷ ላይ ጥላ መጣል አለባት። ዳይኖሰሮቹን በኮምፒውተር የሠራው ያው ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለ ድርጅት ነው ለጁማንጂ የአንበሳውን ጎፈርና የጦጣዎቹን ፀጉር ለመሥራት የደፈረው። ያኔ ዓለም አፉን ከፍቶ ነበር ያየው። ዛሬ የልጄ ስልክ ላይ ያለ ጨዋታ ይበልጠዋል፣ አልዋሽም። በአንጻሩ አውራሪሱ፣ ዝሆኑና የሜዳ አህያው የመጻሕፍት መደርደሪያውን ጥሰው ሲወጡ ልጄ እግሯን ሶፋ ላይ ሰበሰበች። አቧራው ሲጨስ ማን ፀጉር ይቆጥራል?

ከአንበሳው ጋር አለን ወጣ። ሮቢን ዊልያምስ ነው፤ ቅጠል ለብሶ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ። ገና አንበሳውን ክፍል ውስጥ ቆልፎበት እንደጨረሰ ዓመተ ምሕረቱን ይጠይቃል። 1995 ሲሉት እየሮጠ እናትና አባቱን ፍለጋ ይሄዳል። ልጄ በሁኔታው ስትስቅ እኔ አፌ ደረቀ። ሃያ ስድስት ዓመት። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በዚያው በ1969፣ በእኛ በ61 ወይ በ62፣ ሳጥን ቢውጠውና በ88 ታኅሣሥ ቢተፋው ብላችሁ አስቡት። ወጥቶ የሚጠይቀው ጃንሆይ ደኅና ናቸው ወይ ብሎ ነው። ጃንሆይ ወርደዋል። ማን አወረዳቸው ቢል ደርግ፤ ደርግ የታል ቢል እሱም ወርዷል። አሥራ ሰባቱን ዓመት ሙሉ አልሰማም! ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ቀርቶብኛል ብሎ ቢሮጥ በሩ ላይ እንጦጦ የሚል ያነብባል። ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ብር ለሱቅ ቢሰጥ ባለሱቁ ገልብጦ አይቶ ፖሊስ ይጠራል። የአለን አሜሪካ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ተለወጠባት? የአባቱ ፋብሪካ ተዘግቷል፣ ከተማዋ ደኽይታለች፣ እናትና አባቱ መቃብር ናቸው።

ግን ያቺ "መቃብር ናቸው" ቀላል አይደለችም። አለን ባዶው ፋብሪካ ውስጥ የተጠለለ አንድ ድሃ ሰው ያገኛል። ሰውየው ይነግረዋል፦ ባለፋብሪካው ልጁ ከጠፋ በኋላ ያለውን ሁሉ ፍለጋው ላይ አፈሰሰ፣ ሥራውን ተወ፣ ከሠራው ሁሉ ልጁን አስበለጠ። አለን ግን የመጨረሻ ትዝታው ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትልከኝ ነው ብሎ አኩርፎ መለየቱ ነበር። ይሄን ጓደኛችን አልተረከልንም። ቢተርክልንም አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ይገባዋል? "ዝለለውና ወደ አንበሳው ሂድ" ነበር የምንለው።

አሁን ደግሞ ቦሱ። ቫን ፔልት የሚባል አዳኝ ነው። ሠራዊት የለውም፤ ብቻውን ነው፣ አንድ ጠመንጃ ይዞ። ሰው ነው የሚያድነው፣ በተለይ አለንን፤ እያሳደደ ፈሪ፣ ወንድ ሁን ይለዋል። ፊቱን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ ስል ቆየሁና "አንቺ፣ መልሺው እስቲ" አልኩ ልጄን። መለሰችው። አባትየው ነው! ጆናታን ሃይድ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ አባቱንም አዳኙንም ይሠራል። ጢሙን ለውጠው፣ ባርኔጣ ደፍተውለት ነው። ነገሩ ቲያትር ላይም አለ፤ ፒተር ፓን መድረክ ላይ ሲወጣ የልጆቹን አባትና ካፒቴን ሁክን አንድ ሰው መጫወቱ የቆየ ልማድ ነው። እንግዲህ ልጁ ሃያ ስድስት ዓመት ጫካ ውስጥ ሲሸሽ የኖረው የአባቱን ፊት ነው ማለት ነው። ይሄ ለሕፃን ተብሎ በተሠራ ፊልም ውስጥ! ወደ ልጄ ዞር ብዬ የዚያን ቀን ጠዋት ስለ ቤት ሥራዋ የጮህኩትን ጩኸት አስታወስኩ። ፈንዲሻውን ወደሷ አስጠጋሁላት።

ሳራም አሳዘነችኝ። ያደገችው ሳራ፣ ቦኒ ሃንት የምትሠራት። ያየችውን እውነት ለሰው ተናግራ፣ ልጁን ጨዋታ ዋጠው ብላ፣ የሚያምናት አጥታ ዘመኗን በሐኪም ስትታከም ኖራለች። መጨረሻ ላይ ራሷም አላየሁም ወደ ማለቱ ደርሳለች። የእኛ ሰፈር ተራኪ ጅብ አየሁ ብሎ የሰፈር ልጅ ሁሉ አመነው፤ እሷ ያየችውን ተናግራ አበደች ተባለች። ወይ አለመታደል! ቦኖ አጠገብ ብትወለድ ኖሮ ቆሎ ይከፈላት ነበር።

ፊልሙ አለቀ። ጅብ የለም። ንጉሥም የለም። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ኋላ ተመጦ ወደ 1969 ይመለሳል፤ አለን ልጅ ሆኖ እቤቱ ቆሞ ሳለ አባቱ በር ከፍቶ ይገባል፣ ይተቃቀፋሉ። ድምፅ እንኳ እምብዛም የለውም። ልጄ "ጅቡስ?" አለችኝ፤ አሁን ተራው የሷ ሆነ። አፈርኩ።

ማታ ስልኬን ይዤ የፊልሙን ነገር ሳገላብጥ አመሸሁ፤ ክሱን ለማጠናከር ነው። መነሻው መጽሐፍ ነው፤ ክሪስ ቫን ኦልስበርግ በ1981 ያሳተመው፣ በጥቁርና ነጭ ሥዕል የተሞላ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ። በዓመቱ ካልደኮት የተባለውን ትልቁን የአሜሪካ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ታዲያ መጽሐፉ ውስጥ ምን የለም መሰላችሁ? አለን የለም። ሳራም የለችም፣ ጫማ ፋብሪካውም የለም፣ ሃያ ስድስቱም ዓመት የለም። ጁዲና ፒተር መናፈሻ ውስጥ ጨዋታውን ያገኛሉ፣ ቤታቸው በአውሬ ይተራመሳል፣ ተጫውተው ይጨርሳሉ፣ እናትና አባታቸው በሰላም ይመለሳሉ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ እኔን ሶፋ ላይ ያስተከዘኝን ሁሉ፣ የሆሊውድ ጸሐፊዎች ናቸው የጨመሩት። ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ260 ሚሊዮን በላይ ያስገባው ጭማሪ ነው እንግዲህ። የእኛው ልጅ ለአንድ እፍኝ ቆሎ ጅብ ቢጨምር ምን ይፈረድበታል ብዬ ክሴን ግማሽ አነሣሁለት።

ሌላም አየሁ። ፊልሙ ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዷ እዚያው ኒው ሃምፕሸር ያለችው ኪን ከተማ ናት። ለፊልሙ ተብሎ ግድግዳ ላይ የተቀባው የፓሪሽ ጫማ ማስታወቂያ አልተደመሰሰም። ሮቢን ዊልያምስ በኦገስት 2014 በስልሳ ሦስት ዓመቱ ሲሞት የከተማዋ ሰዎች በዚያ ግድግዳ ሥር አበባ አስቀምጠውለታል። በሌለ ፋብሪካ ማስታወቂያ ሥር!

ይሄን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ጓደኛዬ አሁን ሜሪላንድ ነው። እዚያ ገና ቀን ስለሆነ ደወልኩለት።

"አንተ ሌባ" አልኩት፣ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

"ምነው፣ ደኅና ነህ? ቤተሰብ?"

"ጁማንጂን አየሁት። ጅቡ የታል?"

ዝም አለ። ሳቁ ከሩቅ ጀምሮ መጣ፤ ያው የድሮው ሳቅ ነው፣ የጅቡ። "ጦጣ ነው ወይ? አንዳንዴ ጦጣ ይሆን እንዴ እላለሁ" አለ።

"ምን ማለትህ ነው? ቆመህ አይተህ የለም እንዴ?"

"አልገባሁም እኮ" አለኝ። "ሃምሳ ሳንቲም ከየት አምጥቼ? ከኋላ በኩል ቆርቆሮው ላይ የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። እሷ ላይ ዐይኔን አድርጌ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ ፊት ለፊቷ ተቀመጠባት። ራሱን ዘንበል ሲያደርግ ትንሽ አያለሁ፣ ሲመልሰው ፀጉሩን አያለሁ። የቀረውን በጆሮዬ ነው።"

"ሄሊኮፕተሩ?"

"እንደዚያ ነበር የሚያሰማው።"

"ሠራዊቱ?"

"ተኩሱ በዛብኛ!"

"ንጉሥ የሆነውስ?"

"መጨረሻው ላይ ድምፅ ጠፋ። ምን ላድርግ? ቆሎ በልቻለሁ።" ትንሽ ቆየና ድምፁን ለወጠው። "ከበሮው ግን እውነት ነው። ከበሮውን ሰምቻለሁ።"

"እሱስ አለ" አልኩት። "ታዲያ አሜሪካ ስንት ዓመት ኖረህ አንድ ቀን ከፍተህ አታየውም?"

"እኔም አይቼዋለሁ እያልኩ ስኖር ረሳሁታ። ልጆቼንም በዚያ ነው ያስተኛኋቸው።" ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ "ለመሆኑ መጨረሻው ምንድነው?"

ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ። ዱም። ዱም። ዱም። ከሁለቱ ልጆችና ከሳጥኑ ቀብር ጀመርኩለት፣ አባትየውን ነገርኩት፣ ቢምቢዋን ቢምቢ አልኳት። ወጥ ቤቱ በር ጋ ስደርስ ግን ወዲያ ማዶ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀ ነበር፤ ጅቦቹን አስገባኋቸው።